በደማችን አለ ያልኩ ቀን

ወፍራም ሰው የጠገበ ሰው ነው ይባላል። ሐሰት ነው። እናቴ በሕይወቷ ጠግባ የበላችበትን ቀን አላውቅም፤ ወፍራም ግን ነበረች። ድርሻዋን ለልጆች አካፍላ የድስቱን ግርጌ በቁራሽ ጠርጋ የምትነሳ ሴት፣ የአምባሰልን ቁልቁለት ስትወርድ ከሩቅ የምትለየው በስፋቷ ነበር። በሰባ ሰባት፣ ገና ክፉው ቀን ሲጀምር፣ ቀሚሷን ይዤ እርዳታ የሚታደልበት ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ተራችን ሲደርስ ስም የሚጽፈው ሰው ቀና ብሎ ከእግር እስከ ራሷ አያትና፣ "አንቺ ደግሞ ምን ጎደለሽ?" ብሎ ቀጣዩን ጠራ። ከኋላችን የቆሙት ሳቁ። የተራበ ሰው ሳቅ አጭር ነው፤ ለመሳቅም ጉልበት ይፈልጋል። እናቴ አልተከራከረችም። ከሰልፉ ወጥታ መንገድ ዳር ተቀመጠች።

"እግዜር ሰፊ አርጎ ፈጠረኝ እንጂ አልሞላኝም" አለችኝ።

ካደግኩ በኋላ ስለዚህ ነገር የተጻፈ ባገኘሁ ቁጥር አነበብኩ። የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ማስተማሩን ትቼ በመጻፍ የምተዳደር፣ ማለትም ብዙም የማልተዳደር ሰው ነኝ። ያነበብኩት ባጭሩ ይህ ነው። የሰውነት ስፋት በብዙው ከወላጅ ይወረሳል። የሚወረሰው ግን አንድ ነገር አይደለም፤ እያንዳንዳቸው በጥቂቱ የሚገፉ እጅግ ብዙ ዘረ መሎች ናቸው። አንዱ ቶሎ እንዳትጠግብ ያደርግሃል፤ ሌላው ስቡ ዳሌ ላይ ይከማች ወይስ ሆድ ላይ ይወስናል። አንዱ ሕዝብ ዘንድ የበዛው ሌላው ዘንድ ያንሳል። ችግሩ፣ በብዛት ተወስዶ የተመረመረው የፈረንጅ ደም ነው። የእኛን ያየው ጥቂት ነው፤ ከዚያ ጥቂትም ውስጥ የአምባሰል ሰው ደም ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ከጥንት ረሃብ የተረፉ ሰዎች ስብ የሚቆጥብ አካል ለልጆቻቸው አወረሱ የሚል መላ ምትም አለ። ለወሎ ሰው ልክ ተወስዶ የተሰፋ ቀሚስ ይመስላል። ልክ የሆነ ነገር ስለማልወድ እሱንም አላምነውም።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ያደረግኩት ይህን እያወቅኩ ነው።

ታላቅ እህቴ ውጫሌ ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። እናቴን ትመስላለች፤ ስፋቷም፣ አነጋገሯም። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ ልጅቷም አያቷን ትመስላለች። የመሬት ማኅደር ክፍል ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። የገበሬውን ስም፣ የማሳውን ወሰን፣ ምሥራቅ ከማን፣ ምዕራብ ከማን እንደሚዋሰን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ትመዘግብ ነበር። እዚያው ቢሮ ውስጥ ከሚሠራ መሬት ለኪ ጋር ተዋደዱ። ባለፈው ዓመት ገና ካለፈ በኋላ ልጁ ሽማግሌ ላከ።

ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ሐይቅ ገበያ እህል የሚነግዱ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት የክርስቲያን ቤት ለማጋባት ሙስሊም ሽማግሌ መምራቱ ለሌላ አገር ሰው ይገርመው ይሆናል፤ እኛን የሚገርመን ያለ እሳቸው ቢመጡ ነው። በዚህ አካባቢ የሁሉንም ቤት ሐረግ እስከ ሰባት ትውልድ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። እህቴ የተማረ ወንድም እንዳላት ለማሳየት ብላ ከጎኗ አስቀመጠችኝ።

ሰላምታው አለቀ፣ ምርቃቱ አለቀ፣ ጥያቄው መጣ።

"እንግዲህ ቅር አይበላችሁ፤ ወጉ ስለሆነ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ከሥጋችሁ ቁምጥና አለ? የሚጥል በሽታ አለ? አእምሮ የሚነሳ ነገርስ?"

"የለም አባቴ" አለች እህቴ።

"አልሐምዱሊላህ።"

እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ግን ልጅቷ የሚቀርበውን ይዛ ገባች። ሽማግሌው ልጅቷን አዩ፤ እናቷን አዩ፤ ሳቃቸው መጣ።

"ወላሂ እናንተ ቤት ጤፍ ጠፍቶ አያውቅም መሰለኝ! እናትም ልጅም! ያ ልጅ እኮ ደመወዝተኛ ነው፤ እንዴት ሊችላት ነው?"

ሁሉም ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰርግ ሲታሰብ ደስ ያለው ሰው የሚቀልደው ቀልድ ነው። እህቴም ሳቀች። ልጅቷም ወደ ወለሉ እያየች ሳቀች። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። የተሰማኝ የሰልፉ ሳቅ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ ሆኜ ያልመለስኩትን አሁን ልመልስ ተነሳሁ።

"አባቴ፣ ይሄ የጤፍ ጉዳይ አይደለም። የዘር ጉዳይ ነው። እናቴ እንዲህ ነበረች፤ እናቷም እንዲሁ። በደማችን ውስጥ አለ። በሉም አልበሉም ያው ነው።"

"በደማችሁ?" አሉ።

"በደማችን።"

እህቴ እግሬን ረገጠችኝ። ከባድ ሴት ስለሆነች በደንብ ተሰምቶኛል። ግን ለዓመታት አንብቦ የሚነግረው ሰው ያጣ ሰው አንዴ አድማጭ ሲያገኝ በእግር መረገጥ አይመልሰውም። ተለያይተው ስላደጉ መንትዮች ነገርኳቸው። ስለ ዘረ መል ነገርኳቸው። ከሦስቱ አንዱ፣ ዝምተኛው፣ "በሽታ ነው ማለት ነው?" ሲል ጠየቀኝ።

"በሽታ እንኳ አይደለም። ከበሽታ ጋር ግን ይያያዛል። ስኳር፣ ደም ግፊት…"

ከዚያ ሽማግሌው በዝግታ፣ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የቤታችንን ሐረግ መቁጠር ጀመሩ። "የእናትህ አባት ሙስሊም ነበሩ፤ አውቃቸዋለሁ፤ ቀጭን ነበሩ። የእናትህ እናት የየጁ ናት። ከእሷ ላይ ከባቲ በኩል የመጣች ኦሮሞ አለች። በየት በኩል ነው የገባባችሁ?"

"በባቲዋ ነው የሚሆን" አለ ዝምተኛው።

"ኧረ የየጁ ሰው ነው ሰፊ!" አለ ሦስተኛው።

"ብቻ በሙስሊሙ ነው እንዳትሉኝ!" አሉ ሽማግሌው፤ እንደገና ሳቁ። ይህኛው ሳቅ ግን የእንግዳ ሳቅ ነበር፤ ለመሄድ የተነሳ ሰው የሚስቀው።

የቀረበላቸውን ቀማመሱና "እንመለሳለን" ብለው ወጡ። እህቴ በሩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

"ዝም ብትል ምን ይነካሃል? ሆዳም ይበሉኝ! ሆዳምነቴ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ያንተ ደም ግን ለልጄ ይተርፋል።"

"እታለም፣ እኔ እኮ ስድባቸውን ልመልስልሽ…"

"ማን ተሳደበ? ሲቀልዱ ነበር! አሁን ነው የሰደብከን።"

ልጅቷ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር።

"አጎቴ፣ እውነት ነው? ባልበላም ያው ነኝ?"

አሁን ሳስበው የሚበቃት መልስ "ቆንጆ ነሽ፤ ተዪው" ነበር። እኔ የሰጠኋት ግን የዝንባሌንና የዕጣ ፈንታን ልዩነት የሚያስረዳ ንግግር ነው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ።

"ስለዚህ ከደሜ ምን ያህሉ፣ ከምበላው ምን ያህሉ እንደሆነ አይታወቅም" አለች።

"ላንቺ ብሎ የለካ የለም።"

ራሷን ነቀነቀች። መሬት ለኪ የምትወድ ልጅ ናት፤ ያልተለካ ነገር እንዴት እንደሚከብዳት መገመት ነበረብኝ።

ከሳምንት በኋላ ከልጁ ቤት "ይቆየን" የሚል ቃል መጣ። በእኛ አገር "ይቆየን" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመተርጎም መጽሐፍ አያስፈልግም። ልጁ አላመነታም ነበር፤ ያመነታችው እናቱ ናት። የልጅ ልጆቿን እያሰበች ነው አሉ። ወሬው ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ውጫሌ ገበያ ውስጥ፣ በእነዚያ ሰዎች ደም ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ ወንድምየው ራሱ ነው የተናገረው፣ የሚል ነገር መዞር ጀመረ። ወንድምየው እኔ ነኝ። እህቴ ደንበኛ ጨርቅ ሲመርጥ ወገቧን ባንኮኒው ጀርባ መደበቅ ለምዳለች ብለው ነገሩኝ።

ላስተካክል ተነሳሁ። ሐይቅ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ፣ ሽማግሌውን እህል ማከማቻቸው ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። ከጆንያ ላይ አስቀመጡኝና አዳመጡኝ። ያን ቀን በደንብ እንዳልገለጽኩት ነገርኳቸው። ዘረ መሉ ብዙ እንደሆነ፣ በአንድ ጎሣ ውስጥ ባሉ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ጎሣዎች መካከል ካለው እንደሚበልጥ፣ ኦሮሞ፣ የጁ፣ አማራ የሚባለው ስም ደም ውስጥ ተጽፎ እንደማይገኝ፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ከሁሉም ተጋብቶ ማን ከማን እንደሆነ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ እንደሌለ፣ የተመረመረውም የሌላ ሰው ደም እንጂ የእኛ እንዳልሆነ።

ስጨርስ ሽማግሌው ጥቂት ስንዴ መዳፋቸው ላይ አድርገው ገለባውን እየነፉ ነበር።

"የእኛን ደም ያየው ከሌለ" አሉ፣ "ያን ቀን በደማችን አለ ያልከው በምን አውቀህ ነው?"

ብዙ ክርክር አሸንፌያለሁ፤ በጆንያ ላይ ተቀምጬ እንዲህ የተሸነፍኩበትን ግን አላስታውስም።

"አንተ ልጄ መጀመሪያ አለ አልክ። አሁን ላይኖር ይችላል ትላለህ። ለልጁ እናት የቱን ልንገራት?"

"የማውቀው አለማወቃችንን ነው ይበሏት።"

"ይሄ ለሰርግ አይሆንም" አሉና ሳቁ። ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። "አብሽር! መላ አለው። ሴትዮዋ ራሷ አንድ ነገር ብላለች። ሁዳዴ ይገባል አይደል? ልጅቷ እስከ ፋሲካ ትክሳ። ከከሳች በደሟ የለም ማለት ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ ይቆረጣል። ካልከሳች ደግሞ አለ ማለት ነው፤ ሁሉም በየቤቱ ይቀመጣል። ከዚህ የተሻለ ፍርድ የለም።"

ፍርዱ ስህተት እንደሆነ አውቅ ነበር። ሰው ከስቶም ደሙ ያው ነው። የከሳ ሰው የወረሰውን ሁሉ ይዞ ነው የሚከሳው፤ ልጅ ሲወልድም ያንኑ ያወርሳል። ይህን ለማስረዳት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። አልተናገርኩም። አንድ ወር ሙሉ የእህቴን ፊት ማየት አቅቶኝ ነበርና መውጫ ቀዳዳ በማግኘቴ ደስ አለኝ። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ውጫሌ ሄድኩና የምሥራች ብዬ ነገርኳቸው። ልጅቷ ጉንጬን ሳመችኝ።

ሁዳዴ ገባ።

በጾም ሰው ራሱን ቢያስርብ ማን ያውቃል? ሌላ ጊዜ ገበታ የሸሸች ልጅ ምን ሆነሽ ትባላለች። በሁዳዴ ግን የማይበላ ሰው ይመሰገናል። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ትንሽ ጎመን ቀምሳ "በቃኝ" ትላለች። ጎረቤቱ "እንዲህ ነው ጾም!" ይላል። አንዳንዷም ልጇን ጠርታ "እሷን አታዪም?" ትላለች። እህቴ መጀመሪያ ተጨነቀች፤ ቀጥላ የልጇ አገጭ ሲወጣ፣ ቀሚሷ ሲሰፋት አየችና መጨነቋን ተወችው። እኔም ባየኋት ቁጥር "ጎበዝ" እላት ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልቆጠርኩም።

በጾሙ እኩሌታ አካባቢ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ቤት ደረስኩ። ልጅቷ ጓሮ ደፍ ላይ ጭብጥ ብላ ተቀምጣለች። ከአጠገቧ ጣሳ አለ፤ ውስጡ የቡና አተላ የሚመስል ቀይ ዝቃጭ። ሽታውን ግን የማያውቅ ወሎዬ የለም።

"ምንድን ነው?" አልኳት።

"ኮሶ ነው። ሆዴን አሞኝ።"

"በሁዳዴ ኮሶ? የእናትሽ ሽሮ ጥሬ ሥጋ ሆነ እንዴ?"

ቀልዱ በጣም ደስ አለኝ። እሷም ሳቀችልኝ። ኮሶ የሚጠጣው ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ትሉን ለማስወጣት ነው። አምሳ አምስት ቀን ሥጋ ከማይደርስበት ቤት ኮሶ ምን ይሠራል? ጥያቄውን በአፌ ጠይቄዋለሁ፤ መልሱን ግን አልጠበቅኩም። ስቄ ወደ ቤት ገባሁ።

በኋላ የኮሶ ሻጯ አሮጊት እንደነገረችን በየሳምንቱ ትወስድ ኖሯል። መጀመሪያ እንደ ደንቡ፣ ቀጥሎ እጥፍ። ሆድ ጠርጎ ስለሚያወጣ ሰውነት ያወርዳል ብላ የመከረቻት የሥራ ጓደኛዋ ናት። አሮጊቷ "በባዶ ሆድ እንዲህ አይደጋገምም፣ ዓይን ይነሳል ብያት ነበር" ብላ ማለች። ብላት ይሆናል። እኔ ከዚያ ሁሉ ንባቤ ውስጥ ስለ ኮሶ አንድ ገጽ አላነበብኩም ነበር።

በሕማማት ሳምንት ቢሮዋ ውስጥ የአንዱን ገበሬ ማሳ በሌላው ስም መዘገበች። አለቃዋ ድካም ነው ብሎ አለፋት። መስመሩ ስለጠፋት መሆኑን ለማንም አልተናገረችም። የቀረው ጥቂት ቀን ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ሁሉም ይመለሳል ብላ አስባ ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት።

በፋሲካ ማግስት ከቀትር በኋላ የልጁ እናት ከሽማግሌው ጋር መጣች። ቤቱ በደስታ ተሞልቷል፤ ዶሮ ወጡ ገና ከእሳት አልወረደም። ልጅቷ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። አንገቷ ቀጥኗል፤ የጉንጯ አጥንት ወጥቷል፤ እጆቿ የሌላ ሰው እጅ ይመስላሉ። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ እልልታዋን ለቀቀችው።

"የኔ ዓለም! ከስታለች! አላልኳችሁም? በደሟ የለም!"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ሽማግሌው።

ሴትዮዋ ልትስማት ቀረበች። ልጅቷ ተነሳች፤ ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች። የዘረጋችው ግን ማንም ወደሌለበት፣ ወደ ግድግዳው ነበር። ሴትዮዋ አፍራ ነው ብላ ሳቀች። ልጅቷ እጇን ትንሽ ወደ ግራ አመጣች፤ እንደገና ሳተች። እልልታው ቆመ። እህቴ ማንኪያውን ከእጇ ጣለችና "ልጄ፣ እዪኝ" አለቻት። "እዚህ ነኝ። እዪኝ እንጂ።"

ደሴ ወሰድናት። ሐኪሙ በዓይኗ ውስጥ በመብራት ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ምን እንደጠጣች ጠየቀ፤ ስንነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ እንደተጎዳ ነገረን። እህቴ "መቼ ይመለሳል?" አለችው። ሐኪሙ እኔን አየኝ። የተማርኩ ስለመሰልኩት ይሆናል፤ መልሱን እኔ እንድነግራት የፈለገ መሰለኝ። ደረጃው ላይ ነገርኳት።

ልጁ አንድ ጊዜ መጣ። አጠገቧ ተቀመጠ፣ አለቀሰ፣ ሄደ፤ ዳግመኛ አልመጣም። ልወቅሰው አልፈልግም፤ ከእኔ ያነሰ ነው የበደላት። ሽማግሌው ሐይቅ ቤቴ ድረስ መጥተው "ወላሂ አላወቅንም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው አላወቁም። እኔ ግን ፍርዱ የተሳሳተ መሆኑን ያኔ ጆንያው ላይ ተቀምጬ አውቄ ነበር፤ አውቄም እስከ ውጫሌ ተሸክሜ አደረስኩት።

አሁን ብርሃንና ጥላ ትለያለች። የሰው ቅርጽ በበሩ ሲገባ ይታያታል፤ ማን እንደሆነ የምታውቀው በድምፅ ነው። የማኅደር ሥራዋን ሌላ ሰው ይዞታል። በወራት ውስጥ መብላት ጀመረች፤ ሰውነቷም ያለ አንዳች ጥረት ተመለሰ፤ ያው አንገት፣ ያው ስፋት፣ እናቴ ቁጭ። ለሽማግሌዎቹ ያልኩት ትክክል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሰውነቷ ወደ ነበረበት ሲመለስ ዓይኗ አልተመለሰም፤ እኔ ደግሞ ትክክለኛነቴን የምነግረው ሰው የለኝም።

ይህን ያነበብክ ሰው፣ አንድ ነገር ስማኝ። ስለ ዘር ያልኩትን ብትረሳው ግድ የለኝም። ነገር ግን ቤትህ ወይም ጎረቤትህ በጾም መሃል እየከሳች ያለች ልጅ ካለች "ጎበዝ" አትበላት፤ "አማረብሽ" አትበላት። አሁን ተነስተህ ሂድና ምን እንደበላች፣ ምን እየጠጣች እንደሆነ ጠይቃት፤ መልሱን እስክታገኝም ከደጇ አትነሳ።